የክበቡ ግድግዳ ዓይኖች

መሰላሉን በሁለት እጄ ይዣለሁ። የልጅ ልጄ እንየው ከላይ ቆሟል፤ ከብሩሹ ኖራ እየተንጠባጠበ ነጠላዬ ላይ ያርፋል።

«ጀምር እንጂ!» ይላሉ ግራዝማች ወልደ ገብርኤል። «ከእያንዳንዳቸው አንዳንድ ዓይን አጥፋ። ያኔ እኩል እንሆናለን።»

እኩል! ሰው ይህን በአፉ ይናገራል?

የንፋስ መውጫ መዝናኛ ክበብ የገበያው ወገን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የእንየው ሥዕል ነው። አውድማ፣ በሬዎች፣ ገብስ የሚያዘሩ ሰዎች፤ መካከል ላይ ክበቡን ያሠሩት ግራዝማች በበቅሎ። ልጁ ሥዕል የተማረው እዚሁ አገራችን ቤተ ልሔም ደብር፣ ከካህናቱ ዘንድ ነው። ሁሉንም ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ሣላቸው። ግራዝማችንም እንዲያው ሊሥል ነበር። እሳቸው ናቸው «ሳንቲም ላይ እንዳለው የንጉሥ መልክ በጎን አድርገኝ» ያሉት። «ጌታዬ፣ በእኛ አገር በጎን የሚሣለው ሌላ ነው» ብሎ ቢለምናቸው፣ «አንተ ልታስተምረኝ ነው?» አሉት።

ዛሬ ገበያ ነው። የስማዳውም የእስቴውም ሰው ግድግዳውን አየ። ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሁሉ ያውቃል፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ይሁዳና ሰይጣን ነው።

«ኧረ ይኼ በቅሎ የጋለበው ሰይጣን ማነው?» አለ አንድ ጨው ነጋዴ።

«በቅሎዪቱ እንኳ ሁለት ዓይን አላት!» አለች ጌሾ ሻጭዋ። ገበያው በሳቅ ተናጋ።

አሁን ግን የሚስቅ የለም። ሁለት ዘበኞች መሰላሉን ከበውታል።

«እምዬ፣ ምን ላድርግ?» ይለኛል እንየው ቁልቁል እያየ።

እኔ ፈሪ ነኝ። ልጁን ሳል ከያዘው ሳልተኛ ነው የሚነጋው። ያሳደግሁትም «እሺ በል፣ አንገትህን ድፋ» እያልሁ ነው።

«አጥፋው ልጄ፤ ከወህኒ ይሻላል» እለዋለሁ።

ብሩሹን ያነሣል። የመጀመሪያው ሰው መንሽ የያዘው ነው፤ አባቱ። ተስቦ የነጠቀኝ ልጄ ታፈረ። ፎቶግራፍ የለው፣ ምን የለው። እኔ መልኩን እየነገርሁት ነው እንየው የሣለው፤ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ እንኳ አልረሳትም። ኖራው ወደ ዓይኑ ይጠጋል።

«ውረድ!»

«እምዬ…»

«ውረድ አልሁህ!»

ሲወርድ ብሩሹን ከእጁ ቀምቼ ወደ ግራዝማች እሄዳለሁ። «እሜቴ ተሾመች፣ ይተዉ» ይለኛል ዘበኛው ካሣሁን። አልሰማውም።

«እንካ!» እላለሁ፣ ብሩሹን እየዘረጋሁ። «ራስህ አጥፋው። በፊት ግን ዓይን ዓይኔን እያየህ ‹የልጅሽን ዓይን ላጠፋ ነው› በለኝ።»

‹አንተ› ማለቴን ያወቅሁት ጌሾ ሻጭዋ «ኧረ አንተ አለቻቸው!» ስትል ነው። ዓይኔን ግን አልነቅልም።

ግራዝማች ብሩሹን አይቀበሉኝም። ኖራው በመካከላችን አፈሩ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ከዚያ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ክበቡ በር ያዞራሉ። ከቆምሁበት አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታየኛል።