የግራ ክንፏ መብራት

አውሮፕላኗ አልቃለች፤ የቀራት የግራ ክንፏ የማረፊያ መብራት መሸፈኛ ብቻ ነው።

ባልየው ስንት ዓመት ሙሉ ከሥራ እየተመለሰ ጋራዡ ውስጥ በገዛ እጁ የሠራት ናት። ገና ጎማ ሳይገባላት ሰፈሩ «ካፒቴን» ብሎ ስም አወጣለት። መኪናው ውጭ ዝናብ ሲደበድበው ከረመ። ሚስትየውም ለክንፏ ቦታ ስትለቅ የልብስ ማስጫ ገመዷን ኮሪደር ውስጥ ወጠረች። አሁን የሲቪል አቪዬሽን ተቆጣጣሪው ሰኞ መጥቶ ሊያያት ነው። ከፈረመ ካፒቴን ሰው ሁሉ እያየው ይበራል። ፊቱ ላይ ቀዳዳ ላለው ክንፍ ግን ማንም አይፈርምም።

ለእገዛ ታላቅ ወንድሙ ተጠራ። ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሹፌር ነው። በዕድሜው ከመሬት ከፍ ብሎ አያውቅም፤ ስለ መብረር ግን የማያውቀው ነገር አልነበረም።

ጥርት ያለውን ፕላስቲክ በወጥ ቤቱ ኦቭን እስኪለሰልስ ያሞቁታል። በጓንት ያወጡትና የክንፏን ግንባር ቅርጽ በያዘ እንጨት ላይ ያለብሱታል። ሲቀዘቅዝ ጠርዙን ሞርደው፣ ቀስ ብለው በስተው፣ በትንንሽ ብሎኖች ክንፏ ላይ ያስሩታል። ብሎኑ ከልኩ ካለፈ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለስለስ አድርገው ያስሩታል።

የመጀመሪያው መሸፈኛ በማግስቱ ተሰንጥቆ ተገኘ።

«ግድ የለም ጋሼ፣ ሌላ እንሠራለን» አለ ካፒቴን። ቁርሱንም ጥርግ አድርጎ በላ።

ሁለተኛውም ተሰነጠቀ። ታላቅየው ብሎኑን ሊፈታ ካቻቢቴ ቢሰካ አልነቃነቅ አለው። የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ታግሎ ነው ያወጣው። እነሱ እንዲህ አላሰሩትም። ሰው ነክቶታል።

ማን? ጋራዡ በወጥ ቤቱ በኩል በር አለው። ሚስትየው ደግሞ አውሮፕላኗን «ጣውንቴ» ነው የምትላት። ኦቭኑ ፕላስቲክ ፕላስቲክ በሸተተ ቁጥር መስኮት ትከፍታለች። ያቺ ቀጭን ሴት ያን ሁሉ ጉልበት ከየት አመጣችው ለሚለውም ታላቅየው መልስ አላጣም። ቂም ያበረታል።

ወንድሙ አሳዘነው። ሰውየው በጉጉት ሊሞት ነው። ሰኞ በተባለ ቁጥር ውሃ ይጠጣል።

ሦስተኛው በተሰነጠቀ ዕለት፣ ምሳ ላይ ታላቅየው አፈረጠው።

«እመቤቲቱ፣ ካቻቢቴ መያዝ ማን አስተማረሽ?»

«ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?»

«አይጥ ነው እንዳልል፣ አይጥ ብሎን አታጠብቅም።»

ሚስትየው ባሏን አየችው። ባሏ ሳህኑን ያያል። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ከሰማይ ሲወድቅ እኔ ነኝ ለቃሚዋ? አልፈልግም። በቃ፣ አወቁት።»

ካፒቴን አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ፣ ተዋት።»

«ምን ተዋት! ሰው ዕድሜውን የገበረበትን? አንተ ላይ ታች ስትል፣ ይቺ የጉያ እሳት!» ታላቅየው ጣቱን ቀሰረባት። «ሁለተኛ ጋራዥ ደፋ እንዳትይ!»

«እሺ ጋሼ» አለችና ሳህኖቹን አነሳሳች። የባሏን ሳህን ግን አልረሳችም፤ ወጥ ጨምራለት ተመለሰች።

እሑድ ጠዋት አራተኛውን አሰሩ። ፕላስቲኩ አልቋል፤ ይሄ ከተሰነጠቀ ተቆጣጣሪው የሚያየው ነገር የለም። ካፒቴን ክንፏን በለስላሳ ጨርቅ ወለወለና ጨርቁን እንደያዘ ቆመ።

«ምነው?» አለ ታላቅየው።

«ምንም። አማረባት።»

«ነገ ፎቶ ትነሳለህ። ሂድ፣ ፀጉርህን ተቆረጥ!»

ካፒቴን ውሃ ጠጥቶ ወጣ። ታላቅየውም «ደህና ዋሉ!» ብሎ ጮክ አድርጎ ተሰናበተና በጋራዡ በኩል ዞሮ ገባ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። ዛሬ ግን እጅ ከፍንጅ ነው።

መደበቂያ ቢያጣ የአብራሪው ወንበር ላይ ወጣ። አወጣጡ ቀላል አልነበረም። ጉልበቱን ካገጩ አገናኝቶ፣ ሆዱን ከመሪው ዘንግ አጣብቆ፣ አጎንብሶ ተሸጎጠ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የጋራዡ ቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ነው። አንድ እግሩ ደነዘዘ። የሚላትን ቃል በልቡ ደጋገመ፤ መጀመሪያ «ያዝኩሽ!» ይላል፣ ከዚያ ስለ ትዳር ይመክራታል።

ከወጥ ቤቱ የሽንኩርት ሽታ መጣ። ከዚያ በር ሲጥ አለ። ኮቴ፣ ቀስ ያለ፣ የሚፈራ ኮቴ፣ ወደ ግራ ክንፏ ሄደ። ከመሣሪያ ሣጥኑ ብረት ተነሣ። ብሎኑ ሲዞር ተሰማ፤ ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ። ታላቅየው ትንፋሹን ዋጠ። ብሎኑ ደግሞ ዞረ።

ቋ! አለ ፕላስቲኩ።

ታላቅየው «ያዝኩሽ!» ሊል አፉን ከፈተ። የሚስትየው ድምፅ የመጣው ግን ከወጥ ቤቱ በር ነበር።

«ተው፣ እጅህን ይቆርጥሃል። እኔ ነኝ እላለሁ፤ አንተ ግባና ምሳህን ብላ።»