«ላ ቦን»

የእንግዶቹ ሳቅ ሳያልቅ እናት የልጇን ሳሎን በር ከፍታ ገባች። ከሁሉም አብልጣ ስትስቅ የነበረችው ልጇ አፏን በመዳፏ ከደነች። የሳቁበት፣ በጥቁር ፍሬም ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የድሮ የፈረንሳይ ጋዜጣ የፌዝ ሥዕል ነበር፤ አንዲት ወፍራም የቤት ሠራተኛ ከጌቶቿ ጀርባ ተደብቃ የሾርባውን ጭልፋ ስትልስ ያሳያል።

«ምነው ጸጥ አላችሁ? ሐሜቱ በእኔ ነበር እንዴ?» አለች እናቷ። መነጽሯን አድርጋ ወደ ሥዕሉ ተጠጋች። «ይቺስ ጠግባ ያደረች ትመስላለች። እስቲ ከሥር የተጻፈውን አንብቢልኝ፣ የእኔ አስተማሪ።»

ልጅቷ ፈረንሳይኛ አስተማሪ ናት። ጉሮሮዋን ጠረገች። «ላ ቦን» አለች ቀስ ብላ።

የእናቷ ፊት በራ። «እኔን እኮ ነው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፈረንሳዊቷ ማዳም ቤት ስሠራ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹ላ ቦን› እያለች ነበር የምታሳየኝ። ስሜን አንድ ቀን እንኳ ጠርታው አታውቅም። ‹ጥሩዋ› ማለት አይደል?»

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ከልጅቷ ጋር የምታስተምረው ጓደኛዋ፣ አንገቷን ደፋች። ቃሉ በፈረንሳይኛ «ጥሩዋ» ማለት ነው፤ «ገረዲቱ» ማለትም ነው።

«አዎ እማዬ፣ ‹ጥሩዋ› ማለት ነው።»

«በይ እንግዲያው ለእኔ ስጪኝ፤ ራስጌዬ እሰቅለዋለሁ።»

ልጅቷ ሥዕሉን ከምስማሩ አውርዳ ሰጠቻት። እናቷ ተቀብላ መስታወቱን በእጅጌዋ ወለወለችው፤ ከዚያ ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ እንግዶቹ ዞረች።

«እኔ ነኝ» አለቻቸው።