ከጠበል ወደ ማዕበል

ክፍሏ ሁለት አልጋ፣ አንድ ክብ መስኮትና ሦስት መሳቢያ አላት። በላይኛው መሳቢያ ነጠላዎቿ፣ በመካከለኛው መድኃኒቷና መነጽሯ ተቀምጠዋል። ሦስተኛው ባዶ ነው፤ ጥቁር ቀሚሷ ገና ከሻንጣው አልወጣም። በመስኮቱ የባሕሩ ጠርዝ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፣ ጥቂት ይቆማል፣ መልሶ ዝቅ ይላል። አስካለ ማርያም ከተሳፈረች ወዲህ ቁርሷ ሆዷ ውስጥ ሲረጋላት ዛሬ የመጀመሪያው ነው።

ስልኩ ይጮኻል፤ አንስታ ስፒከር ላይ ታደርገዋለች። አድማሴ ነው፣ የሟች ባሏ የይሄይስ ታናሽ ወንድም።

«እትዬ፣ ሰንበቴ ላይ ነን» ይላል በሹክሹክታ። ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማል። «መምሬ ሃይለ ሚካኤል ሊያነጋግሩዎት ፈልገዋል። ጠበል ሄደዋል ብያቸዋለሁ። አደራ፣ ያንኑ ይበሉ።»

«የት ጠበል?»

«እኔ እንጃ። ራቅ ያለ ነው ይበሉ። የቦታ ስም እንዳይጠሩ ብቻ።»

ልጇ ሥርጉት የነርስ ልብሷን እየቆለፈች ቀና ትላለች። የመርከቡ ክሊኒክ ነርስ ናት፤ ከሞምባሳ ተነስቶ ደሴት ለደሴት እየዞረ ኬፕታውን በሚደርሰው በዚህ ረጅም ጉዞ እናቷን በቤተሰብ ፈቃድ ያሳፈረቻት እሷ ናት።

«በይለት በቃ እማ» ትላለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ቃል ነው፣ ምን ይጎዳሻል?»

አስካለ ማርያም ወደ ስልኩ ትመለሳለች። «አድማሴ፣ ለምን ዋሸህ?»

«ታዲያ ምን ልበል? ወንድሜ ዓመቱ ሳይሞላ ሚስቱ በመርከብ ትንሸራሸራለች ልበል? ለሙት ዓመቱ ስንደግስ ደጅዎን ማን ይረግጣል? ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው ሰው ሁሉ ያወራል። እርስዎ ውሃ ላይ ነዎት፤ ሐሜቱን የምሰማው እኔ ነኝ።»

ይህን አልዋሸም። ባሏ የሞተባት ሴት ጥቁሯን ቀድማ ካወለቀች ምን እንደሚሆን አስካለ ማርያም በሌሎች ላይ አይታለች። መጀመሪያ የገበያው ሰላምታ ያጥራል። ቀጥሎ ሰንበቴ ላይ ከጎኗ ያለው መቀመጫ ክፍት ይሆናል። ኋላ ለክርስትናም ለሠርግም የሚጠራት ይጠፋል። ስድሳ ዓመት ለሞላት ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ደግሞ የሥራ ዘመኗን በሙሉ በጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ነው የጨረሰችው፤ ወባ ካየች ወባ አለ ትላለች፣ ካላየች የለም ትላለች። ሦስተኛ መልስ አልነበረም።

«ስልኩን ስጣቸው።»

«ምን ሊሏቸው?»

«ስጣቸው አልሁህ።»

ጫጫታው በአንድ ጊዜ ይቀርባል፤ ስፒከር ላይ አድርጎታል። መምሬ ሃይለ ሚካኤል ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«እንደምን ከረምሽ ልጄ? ጠበሉ ተስማማሽ?»

የሥርጉት ጣቶች ቁልፉ ላይ ይቆማሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን መምሬ። ጠበል አይደለሁም። ከሥርጉት ጋር መርከብ ላይ ነኝ፤ ሕንድ ውቅያኖስ መሐል።»

ጫጫታው ይቋረጣል። «መስመሩ ይቆራረጣል መሰለኝ» ይላል አድማሴ።

«አይቆራረጥም። እኔ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ እናንተም ትሰሙኛላችሁ።»

«ለሕክምና ነው እንግዲህ» ይላሉ መምሬ። መውጫ እያበጁላት እንደሆነ ይገባታል።

«አይደለም መምሬ። ላየው ፈልጌ ነው። ሠላሳ ዓመት በማይክሮስኮፕ ጠብታ ሳይ ኖርሁ፤ ሙሉውን ማየት አማረኝ።»

«ዓመቱ ሳይሞላ?» ትላለች አንዲት ሴት ራቅ ብላ።

«ወለተ ኢየሱስ ነሽ? ተዝካሩን አውጥቻለሁ፤ አንቺም በልተሻል። ሐዘኑም አልቀረም፤ አብሮኝ ተሳፍሯል።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ይተወዋል።

«ከጠበል ወደ ማዕበል በይኛ» ይላሉ መምሬ። ቅኔ ቤት ያደጉ ናቸው፤ ቃል ሲገጥምላቸው ድምፃቸው ይለዝባል። «ማዕበሉንስ ቻልሽው?»

«የት ችዬው። ሁለት ቀን ሙሉ አስመለሰኝ። ማበል እኮ ከልጅነቴም አይሆንልኝ መምሬ።»

በጎጃም ሰው አፍ «ዕ» ትዋጣለች፤ የባሕሩ ማዕበልና መዋሸት፣ ማበል፣ አንድ ድምፅ ይሆናሉ። ቀድመው የሚስቁት መምሬ ናቸው፣ በአፍንጫቸው፣ ቀስ ብለው።

«አድማሴ፣ ያስመለሳትን ሰማህ?»

ሌሎቹም ይስቃሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም።

አስካለ ማርያም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ታኖረዋለች። «ለሙት ዓመቱ እደርሳለሁ። ድግሱንም እኔው እደግሳለሁ። የፈለገ ይምጣ፣ ያልፈለገ ይቅር። ጠበል ነበረች ብሎ የሚመጣብኝ ግን አይኑር።»

«ሰምተናል» ይላሉ መምሬ። «እንግዲህ ሁላችንም በየአፋችን እንሰናበትሽ። በሰላም ያግባሽ ልጄ።»

ስልኩ በማዕዱ ዙሪያ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ይጀምራል። ሲተላለፍ ጋቢ ላይ ሲሻሽ ይሰማታል። ወለተ ኢየሱስ ጋ ሲደርስ ይዘገያል።

«ውሃው እውነት ጨው ነው?»

«ሞምባሳ ዳር ቀምሼዋለሁ። ጨው ነው።»

«እንዲያ በይኝ» ትላለች ወለተ ኢየሱስ፤ ስልኩን ከማቀበሏ በፊትም «በሰላም ያግባሽ።»

ስልኩ በአሥራ አንድ ሰው እጅ ዞረ። ሦስቱ ትንፋሻቸው ብቻ እየተሰማ ለሚቀጥለው አቀበሉት። አድማሴ በመጨረሻ ተቀብሎ ዘጋው። በሰላም ያግባሽ ያሏት ሰባት ናቸው።