የብራክስተን መሐላ

በብራክስተን ኮሌጅ ፈተና ሲሰጥ ጠባቂ የለም። መምህሩ ጥያቄውን ያድላል፣ "ይቅናችሁ" ይላል፣ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። ተፈታኙ ሲጨርስ ከወረቀቱ ግርጌ ስሙን ጠርቶ፣ ማንንም እንዳልረዳና ማንም እንዳልረዳው በገዛ እጁ ጽፎ ይምላል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ወግ ነው። ከሁሉም ትምህርት ትንሽ ትንሽ የሚያቀምሰው ይህ የቬርሞንት ኮሌጅ ያለው ሀብት ሰባት መቶ ተማሪ፣ አንድ የበረዶ ሆኪ ሜዳና መሐላው ነው። ለወላጆች በሚላከው መጽሔት ላይ መሐላው ከሜዳው ይቀድማል።

ፕሮፌሰር ኦርቪል ግሪምስሊ የሥነ ምግባር ፍልስፍና ያስተምራሉ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ተፈታኝ ጠብቀው አያውቁም። "ተማሪዎቼን የማምነው ዓይኔን ጨፍኜ ነው" ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

የዘንድሮው ክፍል አሥር ተማሪዎች ነበሩት። ቁንጮዋ ፊሊፓ ቶርንዳይክ ናት፤ ኩረጃን የሚዳኘው የተማሪዎች የክብር ሸንጎ ሰብሳቢ፣ የክርክር ክበቡ ፕሬዚዳንት፣ የመዘምራኑ መሪ። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ስትናገር የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንኳ አንድ ቃል ሳያመልጠው ይጽፋል።

ጭራው ዴል ኮቫች ነው። የኦሃዮ ላም አርቢ ልጅ ሲሆን ከቤተሰቡ ኮሌጅ የረገጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ አያውቅም። ሊመረቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ የመንደሩ ትምህርት ቤት የመምህርነት ቦታ ይዞ ይጠብቀዋል፤ እናቱም ለምረቃው ቀን ባርኔጣ ገዝታለች።

ሰኞ ጠዋት የመጨረሻው ፈተና ተሰጠ። የተፈቀደው ጊዜ ሦስት ሰዓት ነው። ፈተናው ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆነው ዘጠኙ ተማሪዎች ባንድነት ጨርሰው፣ ወረቀታቸውን ፖስታው ውስጥ ከተው ምሳ ሄዱ። ዴል ብቻ ቀረ።

በማግስቱ ሸንጎው በኩረጃ ጠርጥሮ ጠራው። ሸንጎው አምስት ዳኞች አሉት፤ ፊሊፓን ጨምሮ ሦስቱ እዚያው ፈተና ላይ ተቀምጠው ነበር። ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ ዳኛና ምስክር ለየብቻ ከየት ይመጣል? እንዲያውም በዓይኑ ያየ ዳኛ ይሻላል ተባለ።

"ዴል፣ እዚህ ማንም አይጠላህም" አለች ፊሊፓ። "እኛ የምንፈልገው እንድትማርበት ነው። በፈተናው መሀል አራት ጊዜ ወጥተሃል። ልክ ነኝ?"

"ልክ ነሽ።"

"ወረቀትህን ይዘህ?"

"ይዤ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እጽፍ ነበር።"

"ደረጃ ላይ! ክፍሉ ምን ሆነና?"

"ጫጫታ ነበር።"

ከዳኞቹ አንዱ፣ ብራድሊ የሚባለው ቴኒስ ተጫዋች፣ ሳቁ አመለጠው። "የፈተና ክፍል እኮ ነው ወንድሜ! የከብት ገበያ መሰለህ እንዴ?"

"የከብት ገበያ ላይ እንኳ ሁሉም የየራሱን ነው የሚጮኸው" አለ ዴል።

ብራድሊ ሳቁን ዋጠ። ፊሊፓ ውሃዋን ተጎነጨች።

"እሺ፣ እኛ ከወጣን በኋላስ? አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ ብቻህን ምን ስትሠራ ነበር?"

"ፈተናውን ነዋ። ጸጥ ያለው ያን ጊዜ ነው።"

"ደረጃው አጠገብ፣ መስኮቱ ላይ ደብተርህ ተገኝቷል።"

"ደብተር ውጭ ተዉ ተባልን፣ ተውኩ። እናንተም ትታችኋል።"

"የእኛ አልተከፈተም።"

"የእኔም አልተከፈተም።"

"ማን አየልህ?"

"ማንም።"

"አየህ፣ ችግሩ እሱ ነው" አለች ፊሊፓ፣ ከልቧ በማዘን።

"ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል" ብሎ አጉረመረመ ብራድሊ።

የቀሩት ስድስት ተፈታኞች በየተራ ገብተው መሰከሩ። የሁሉም ቃል አንድ ነበር፤ "አላረፈም፤ ይወጣል፣ ይገባል፤ ዓይኑ ይቅበዘበዛል።" ሸንጎው የምስክሮቹን መስማማት አመስግኖ መዝገብ ላይ አሰፈረ።

በመጨረሻ ፕሮፌሰሩ ተነሡ። "የኔ ልጅ፣ ከኮረጅክ ኮረጅኩ በል። ይቀልሃል።"

ዴል ትክ ብሎ አያቸው። "ፕሮፌሰር፣ ወረቀቶቹን አንብበዋቸዋል?"

"እንዴት ተደርጎ! ሸንጎው ሳይፈርድ ፖስታ አይከፈትም። ውጤት ፍርድን እንዳያዛባ የወጣ ደንብ ነው።"

"እንግዲያው ሲያነቡ ደኅና አድርገው ያንብቡ።"

ይህ እንደ ድፍረት ተቆጠረበት። ሸንጎው ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይመክር፣ በአንድ ድምፅ ከኮሌጁ አባረረው።

ሐሙስ ጠዋት ዴል ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ጠበቀ። ለእናቱ ደውሎ "እማ፣ ባርኔጣውን መልሺው" አላት። እሷ ግን ስለ ባርኔጣው ምንም አላለችም፤ "በልተሃል?" ብላ ብቻ ጠየቀችው። ያኔ ነው ያለቀሰው።

በዚያው ሰዓት ፊሊፓ በጸሎት ቤቱ ስለ ክብር ንግግር ታደርግ ነበር። ዳኛ መሆን ምን ያህል ሸክም እንደሆነ ስትናገር ብዙ ሰው ዓይኑን ጠረገ። ፕሮፌሰር ግሪምስሊም ጠረጉ።

ከዚያ ቢሯቸው ገብተው ፖስታውን ከፈቱ። የዴልን ወረቀት በደንቡ መሠረት ለብቻው አስቀመጡ፤ ዘጠኙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጓቸው። እንደ ልማዳቸው ከመልሱ በፊት ግርጌውን ተመለከቱ፤ መሐላ ማንበብ ይወዳሉ።

ዘጠኝ ወረቀት፣ ዘጠኝ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፤ በሁሉም ላይ፦ "እኔ ፊሊፓ ቶርንዳይክ፣ ማንንም እንዳልረዳሁና ማንም እንዳልረዳኝ በክብሬ እምላለሁ።"