ወንድ ያልገባበት ክፍል

እባቧ የምትኖረው ከመኝታ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል፣ አፈር በተሞላ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። ዕውር ናት። ላያት ሁሉ የመሬት ትል ትመስላለች፤ የጉንዳን እንቁላል እየበላች አፈር ለአፈር ስትሄድ ትውላለች። የምርምር ተቋሙ ሕንፃ እስኪታደስ ቤቱ ወስዶ እንዲያቆያት የተደረገው ተንከባካቢዋ ነበር።

ሚስቱ ነገሩን አልወደደችውም። እሱም አላማከራትም። በዚያ ቤት ነገር የሚያልቀው እሱ አለቀ ሲል ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ተመልሶ አፈሩን ገለጥ ሲያደርግ ክር ክር የሚያካክሉ ልጆች ሲተራመሱ አገኘ። እባቧ ከእንቁላል ከወጣች ጀምሮ በእጁ ያደገች ናት፤ ከሌላ እባብ ጋር አንድም ቀን አልዋለችም። ደሙ ፈላ። የእሷ ዓይነት እባብ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የተቋሙ አጥኚ፣ የገዛ ጓደኛው።

ሚስቱ ሸሚዙን ትተኩሳለች።

«ወንድ ገብቷል» አላት።

«የት?»

«እዚያ ክፍል። ወንድ እባብ። መቼም በእግሩ አልመጣም፤ ይዞት የመጣ ወንድ አለ።»

«እኔ የማውቀው ነገር የለም።»

«እኔ ሥራ ስውል በሩን የምትከፍችው አንቺ ነሽ። እሱ ነው አይደል የሚመጣው?»

ካውያውን አስቀመጠች። «በእባብ ልጅ ልትፈርድብኝ ነው?»

ፈረደባት። ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቆ ደጅ ያወጣው እሱ ራሱ ነው። እህቷ ቤት ገባች።

በማግስቱ አጥኚውን ቢሮው ድረስ ሄዶ ኮሌታውን አነቀው። «ወንዱን ና ውሰድልኝ።»

«የምን ወንድ?»

ነገሩን ሲሰማ አጥኚው ሳቁ መጣ። «ቁጭ በል፣ ወንድሜ። እነዚህ እባቦች ወንድ የሚባል የላቸውም። ሁሉም ሴት ናቸው፤ ያለ ወንድ ብቻቸውን ይራባሉ። ገና ይፋ ያላወጣሁት ነገር ነው። ከአንተ በፊት ለአንድም ሰው አልተነፈስኩም።»

የተንከባካቢው እጅ ከኮሌታው ላይ ወረደ። ትዳሩን በገዛ እጁ እንዳፈረሰው ገባው፤ እሷ ካልተመለሰች ደግሞ ማንም የለውም። ከቢሮው ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሚስቱ እህት ቤት በረረ።

እህትየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ «ደግሞ ምን ቀረህ?» አለችው። ገፍቷት ገባና ሚስቱ እግር ላይ ተደፋ።

«በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ወንድ አልገባም። እባቧ ብቻዋን ነው የወለደችው። ዛሬ ከእሱ አፍ ሰማሁ፤ ከእኔ በፊት ለማንም አልነገረም።»

ሚስቱ እግሯን ሰበሰበች።

«ለእኔማ ከነገረኝ ቆየ» አለችው።