ነፋስ የሌለው አውድማ

ህሊና መቀመጥ አቃታት። አባቷ አቶ ደምሰው መንሻቸውን ይዘው አውድማው መሀል ቆመዋል። ዝናቡ ሊመጣ ነው፤ የተወቃው ስንዴ ግን ከነገለባው እንደተከመረ ነው። ነፋሱን እየጠለፉ መብራት የሚያመነጩት ማማዎች ከተተከሉ ወዲህ ከግርጌያቸው ባለው በዚህ መንደር ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

ስልኳ ጮኸ። የማማዎቹ ድርጅት አለቃዋ ነው።

"ግምቱ ደረሰ? ማማዎቹን ከሰማንያ ወደ መቶ ሃያ ሜትር ብናሳድጋቸውስ?"

"ኃይሉ ሃያ በመቶ ይጨምራል" አለች ወዲያ ወዲህ እያለች። "ግን ከወንዙ ማዶ ያለውም መንደር ነፋሱን ያጣል።"

"ከተማው በፈረቃ ነው የሚያበራው፤ ሆስፒታሉ ሳይቀር። ነገ እንጀምራለን።"

አባቷ ሰምተዋል። "ማዶ እኮ የአክስትሽ አውድማ ነው።"

"አውቃለሁ አባባ። በሽተኞቹንስ ምን ላድርጋቸው?"

አቶ ደምሰው መንሻቸውን ክምሩ ላይ ሰክተው፣ "እንግዲያው አሁኑኑ ደውይላት። ዛሬ ያላትን ሁሉ ታንፍስ" አሉ።

ህሊና ደወለች። አክስቷ እየሳቁ አነሱት፤ ስልኩ ውስጥ ኃይለኛ ሽውታ ይሰማል።

"ጮክ በዪ ልጄ! ነፋሱ አላሰማ አለኝ!"

ህሊና ዓይኗን ጨፍና ጮኸች።