የተለቀቀላት ወረፋ

የነጭ ጋዙ ሰልፍ ከሸዋ በር ግንብ ሥር ተጠማዞ ነበር። እልፍነሽ ጠዋት ከመጨረሻው ሰው ኋላ ያስቀመጠችው፣ ልጇ እጀታውን በሽቦ የጠገነላት ቢጫ ጀሪካን፣ ከገበያ ስትመለስ ከሁሉም ፊት፣ ከሻጩ በርሜል አጠገብ ቆሞ ጠበቃት።

በዚህ ሰልፍ ለአንድ ጀሪካን ቦታ ሰው ይፈነካከት ነበር። ዛሬ ግን የሚጮህ አልነበረም። ሻጩ ዐብዱልገኒ ሲያያት ሬዲዮኑን ቶሎ አጠፋው። ማለዳ እሷም ሰምታው ነበር፤ ሰላም አስከባሪዎች በሰው አገር የነዳጅ ቦቴዎች የሚያልፉበትን መንገድ አስከፍተዋል፣ እጥረቱም ይቃለላል ይል ነበር። "የእኔ ልጅ እኮ እዚያ ከእነሱ ጋር ነው" ስትል ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች።

"እትዬ እልፍነሽ፣ ይምጡ፣ እርስዎ ይቅደሙ" አላት፤ ዓይኑን ከጀሪካኑ ላይ አላነሣም።

"ምነው? ዛሬ ምን ተገኘ?"

"ኧረ ምንም።"

ይህን ፊት ታውቀዋለች። ባለፈው ክረምት የጎረቤቷ ባል ሲሞት፣ መርዶው ንጋት ላይ እስኪነገራት ድረስ፣ እልፍነሽም ለዚያች ሴት እንዲሁ ወረፋ ለቅቃላት፣ እንዲሁ ዓይኗን ሸሽታት ነበር።

ጀሪካኑን አነሣች። "ወረፋዬ ገና አልደረሰም" አለችና ባዶውን አንጠልጥላ ወደ ኋላ ተመለሰች። ከሰልፉ ጭራ ቆመች። እዚህ እስከቆመች ድረስ ልጇ አሁንም መንገዱን እየጠበቀ ነው፤ ነገም እንደማንኛውም ቀን ይነጋል።

ጀሪካኖች ድንጋዩን እየፋቁ ሲጎተቱ ሰማች። ዞር ብትል፣ ከፊቷ የነበረው ሰው ሁሉ እየመጣ ከኋላዋ ይሰለፍ ነበር።